ሊኑክስ ለጫናችሁበት ኮምፒውተር ዋናውን ብራውዘር እንዴት ትመርጣላችሁ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ፎርም ይሞላሉ፣ የተማሪ ውጤት አውጥተው ያትማሉ። ኮምፒውተራቸው 4 ጊጋባይት ራም ያለው የቆየ ዴስክቶፕ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ሲያቆም ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የሚችል አልነበረም። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ጫንኩላቸው።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። «እንደው ወንድሜ፣ ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል። ሰው በቴሌግራም ሊንክ ይልክልኛል፣ ስነካው የማላውቀው ቦታ ይከፍተዋል። ፓስወርድ እንደገና አስገቢ ይለኛል።»

«አብሽሩ እትዬ፣ ዛሬውኑ እመጣለሁ» አልኳቸው።

ኢንተርኔቱ ደህና ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ክሮሚየም የሚባል ሌላ ብራውዘር ጨምሬ ጫንኩ፣ አካውንታቸውን ሁሉ እዚያ ከፈትኩ፣ ዲፎልቱን ግን በፋየርፎክስ ላይ ትቼው ሄድኩ። እሳቸው ክሮሚየም ላይ ይሠራሉ፣ ሊንኩ ግን በፋየርፎክስ ይከፈታል። ከዚያ ወዲህ ሊኑክስ ስጭን ከሁሉ ረዘም ያለ ጊዜ የምሰጠው ለብራውዘሩ ነው። ለብዙ ሰው ኮምፒውተር ማለት ብራውዘር ነው። እሱ ካስቸገረው ሊኑክስን በሳምንቱ አስፍቆ ዊንዶውስ ያስመልሳል።

ዲፎልት ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ከሊኑክሱ ጋር ተጭኖ የሚመጣው ብራውዘር ነው። ሁለተኛው ሊንክ ስትነኩ የሚከፈተው ነው። ሁለቱ አንድ መሆን የለባቸውም። ዋናው ነገር ሁለተኛውን አስባችሁበት መምረጣችሁ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን እዩት

ሲስተም ኢንፎርሜሽን ወይም አባውት የሚለውን ክፈቱና ሁለት ነገር በወረቀት ጻፉ፤ ራሙ ስንት ጊጋባይት እንደሆነ፣ ፕሮሰሰሩም 32 ቢት ይሁን 64 ቢት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድሮ 32 ቢት ዊንዶውስ ስለተጫነበት ብቻ ማሽኑን ራሱን 32 ቢት ነው ይለዋል። ኮር ቱ ዱኦ የሚል ምልክት የተለጠፈበት ላፕቶፕ እንኳ 64 ቢት ይችላል። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ስም አንብባችሁ አረጋግጡ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ክሮም በ32 ቢት ሊኑክስ ላይ መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ፋየርፎክስም በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም ከወጣው ከ144ኛው ቅጂ በኋላ ለ32 ቢት ሊኑክስ አይዘጋጅም። በእርግጥ 32 ቢት ብቻ የሆነ ማሽን ከሆነ ለባንክና ለፓስወርድ ሥራ ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ። የደህንነት አፕዴት የማያገኝ ብራውዘር ለቁም ነገር አይሆንም።

ከሊኑክሱ ጋር ምን እንደመጣ እወቁ

አብዛኞቹ ሊኑክሶች ፋየርፎክስን ይዘው ይመጣሉ። የሚመጣበት መንገድ ግን በየሊኑክሱ ይለያያል።

ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ከ22.04 ቅጂው ጀምሮ ፋየርፎክስን የሚያቀርበው ስናፕ በሚባለው መንገድ ብቻ ነው። ስናፕ ብራውዘሩን ከሌላው ሲስተም ለይቶ ያስቀምጠዋል። ለደህንነት ጥሩ ነው። ግን ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ የመጀመሪያው አነሳስ ይዘገያል፣ በቆየ ሃርድ ዲስክ ላይ ደግሞ ይብሳል። በቀን አራት ጊዜም አፕዴት መኖሩን ራሱ ይፈትሻል። ዳታችሁ በፓኬጅ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ሊኑክስ ሚንት ፋየርፎክስን ዴብ በሚባለው በተለመደው መጫኛ ጥቅል ይሰጣል። አፕዴቱም በእናንተ ፈቃድ ነው የሚወርደው። ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ቆየት ያሉ ማሽኖች ሚንትን የማዘወትርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዴቢያን የሚያቀርበው ኢኤስአር የሚባለውን ፋየርፎክስ ነው። መልኩና አሠራሩ የሚለወጠው በዓመት አንዴ ገደማ ሲሆን፣ በመሃል የደህንነት ጥገና ብቻ ያገኛል። ቁልፉ የት እንደነበር ለሚያስታውስና ለውጥ ለማይወድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ዴቢያን እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2016 ድረስ ፋየርፎክስን «አይስዊዝል» በሚል ሌላ ስም ነበር የሚያቀርበው። ጠቡ በሞዚላ የንግድ ስምና አርማ አጠቃቀም የተነሳ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት ቢሆንም ስሙና አርማው የራሱ ደንብ ነበረው። ለነጻ ሶፍትዌር ሰዎች ብራውዘር መምረጥ ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ኤሌሜንታሪ ደግሞ ጂኖም ዌብ የተባለውን ቀለል ያለ ብራውዘር ይዞ ይመጣል።

ክሮምና ክሮሚየም አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ክሮሚየም ክፍት ነው። ኮዱን ማንም ማየት፣ ማንም መገንባት ይችላል። ክሮም የሚሠራው ከክሮሚየም ላይ ተነስቶ ነው። ጉግል የራሱን ዝግ ክፍሎች ይጨምርበታል። በመልክ መንታ ናቸው። ትልቁ ልዩነት የሚታየው በጉግል አካውንት ስትገቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ጉግል በሌሎች የተገነባውን ክሮሚየም ከራሱ ሲንክ አገልግሎት አስወጥቶታል። በስልካችሁ ክሮም ላይ ያስቀመጣችኋቸው ፓስወርዶችና ቡክማርኮች ክሮሚየም ላይ አይመጡም። ጂሜይል ይከፈታል፣ ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ሲንኩ ግን የለም። «ፓስወርዴ ሁሉ ስልኬ ላይ ነው» የሚል ሰው ክሮሚየም ቢሰጡት ይናደዳል። እሱን ጠይቁት፤ ወይ ክሮምን ይጫን፣ ወይ ስልኩም ላይ ፋየርፎክስን ጭኖ በፋየርፎክስ አካውንት ያገናኛቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭ፣ ኦፔራና ቪቫልዲ ሁሉም የሚንቀሳቀሱት ብሊንክ በሚባለው አንድ ሞተር ነው። ፋየርፎክስ ጌኮ የተባለ የራሱ ሞተር አለው። ስለዚህ አንድ ገጽ በክሮም እምቢ ሲላችሁ ብሬቭን መሞከር ብዙም አይጠቅም፤ ፋየርፎክስን ሞክሩ። የብሊንክ ዘር የሚቆጠረውም ከሊኑክስ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኬዲኢ የተባለውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ በሚሠሩ ሰዎች እጅ ከተጀመረው ኬኤችቲኤምኤል ከተባለው ሞተር አፕል ዌብኪትን አወጣ፣ ጉግል ደግሞ በ2013 ከዌብኪት ብሊንክን ገነጠለ።

የራሳችሁን ገጾች ይዛችሁ ፈትኑ

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንዱን ደረጃ ብቻ ሥሩ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው። «ፈጣኑ ብራውዘር የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅማችሁም። የሌላ ሰው ፈተና የሚነግራችሁ ስለ ሌላ ሰው ማሽን ነው።

በየቀኑ የምትከፍቷቸውን አምስት ገጾች ጻፉ። በፎቶ ኮፒ ቤቷ የነበሩት ኢሜይል፣ የቴሌግራም ዌብ፣ ፎርም የሚሞላበት ገጽ፣ ውጤት ማያና ዩቲዩብ ናቸው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሚማር የአክስቴ ልጅ ደግሞ ዝርዝሩ ሌላ ነው፤ የተማሪዎች ገጽ፣ ፒዲኤፍ፣ ጉግል ዶክስና የቪዲዮ ትምህርት።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱት። በአንዱ ብራውዘር ብቻ አምስቱንም ክፈቱ። ሲስተም ሞኒተር ላይ ስንት ራም እንደያዘ ጻፉ። አሁንም አጥፍታችሁ አስነሱና በሌላው ድገሙት። ሁለቱን አንድ ላይ ከፍታችሁ አትለኩ፤ ውጤቱ ያሳስታችኋል። ሊኑክሱን ገና ካልጫናችሁም ከፍላሽ ላይ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ፍላሽ ላይ ሁሉም ነገር እንደሚዘገይ ግን አስቡ።

ስትፈትኑ ከፍጥነት በላይ እነዚህን እዩ። ፎርሙ ላይ ፎቶ መጫን ይቻላል? ፕሪንት ሲደረግ ገጹ ተቆርጦ ይወጣል? ቪዲዮው ሲጫወት የማሽኑ ፋን ይጮኻል? የመብራቱስ ነገር? ሥራ ላይ ሳላችሁ ሶኬቱን ሳትነቅሉ፣ የመብራት መጥፋትን ለማየት ብራውዘሩን ሲስተም ሞኒተር ላይ በግድ ዝጉትና እንደገና ክፈቱት። ታቦቹ ተመልሰው መጡ? ካልመጡ ሴቲንግ ውስጥ ያለፉትን ታቦች መልሰህ ክፈት የሚለውን አብሩ። መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉን ከዜሮ መጀመር ሰውን ያስመርራል።

አማርኛውን አትርሱ

የአማርኛ ጽሑፍ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ ችግሩ የብራውዘሩ አይደለም። የግዕዝ ፎንት አልተጫነም ማለት ነው። ከሶፍትዌር ማናጀሩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑ፣ ብራውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ። በሳጥን ፋንታ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ከመጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ገጹ ወይም ሰነዱ የተጻፈው ዓለም አቀፉን የፊደል ኮድ (ዩኒኮድን) በማይከተል የድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በድሮው መንገድ ሲጻፍ ቆይቷል። እንዲህ ያለውን ሰነድ የትኛውም ብራውዘር አያስተካክለውም።

ፋየርፎክስ እዚህ ላይ አንድ የምወድለት ነገር አለው። ሴቲንግ ውስጥ ፎንት የሚለው ጋ ገብታችሁ አድቫንስድን ስትጫኑ፣ ከፊደላቱ ዝርዝር ኢትዮፒክ የሚል አለ። እሱን መርጣችሁ የአማርኛውን ፎንትና መጠን ለብቻ መወሰን ትችላላችሁ። የእንግሊዝኛው እንዳለ ሆኖ የአማርኛው ብቻ ከፍ ይላል። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ይህን ሳስተካክል የሚሰማቸው ደስታ ልዩ ነው።

ክሮምና ክሮሚየም ደግሞ ሜኑአቸው በአማርኛ ይመጣል። ሊኑክስ ላይ ቋንቋውን የሚወስዱት ከሲስተሙ ስለሆነ፣ የሲስተሙን ቋንቋ አማርኛ አድርጋችሁ ወጥታችሁ ግቡ። የፋየርፎክስ ሜኑ በአማርኛ የለም። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው ከሆነ ይህ ብቻውን ምርጫውን ሊወስን ይችላል።

ለመጻፍ አይባስ በሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም በኩል የአማርኛ ኪቦርድ ጨምሩ። ድምፁን በላቲን ስትመቱ ፊደሉ ግዕዝ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ብራውዘሩ ውስጥ በደንብ ፈትኑት፤ የአድራሻ ሳጥኑ ውስጥ፣ ፎርም ውስጥ፣ ቴሌግራም ዌብ ላይ። በስናፕ የመጣ ብራውዘር ከሆነ ይህን ፈተና አትዝለሉት።

አሁን ወስኑ

የእኔ ምርጫ ይኸውላችሁ። 4 ጊጋባይት ራም ላለውና ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ፋየርፎክስን በዴብ ጥቅል እመርጣለሁ፣ ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን ማስታወቂያ ከልካይ ጨምሬ። ማስታወቂያው ስለማይወርድ ዳታ ይተርፋል፣ ገጹም ይፈጥናል። ክሮም የኤክስቴንሽን ደንቡን ስለለወጠ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን እዚያ አይሠራም፤ የሚሠራው ላይት የሚባለው ታናሹ ነው። ፋየርፎክስ ላይ ግን ሙሉው እስካሁን አለ። ከ140ኛው ቅጂ ጀምሮም ታቡ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ አንሎድ ታብ ስትሉ፣ ታቡ ሳይዘጋ የያዘውን ራም ይለቃል።

ሕይወቱ በሙሉ ጉግል አካውንት ውስጥ ላለ ሰው ክሮምን ጫኑለት። ዝግ መሆኑን ንገሩት፣ ከዚያ ምርጫውን አክብሩለት። ከጉግል ገጽ የምታወርዱት የዴብ ጥቅል አፕዴት የሚመጣበትን ምንጭ ራሱ ስለሚጨምር ቀጣዩ አፕዴት ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል።

2 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ለሆነ ማሽን ብዙዎች ፋልከንን ወይም ጂኖም ዌብን ይመክራሉ። ለንባብ መጥፎ አይደሉም። ግን የሚከብደው በብዛት ገጹ እንጂ ብራውዘሩ አይደለም። ከባድ ገጽ በቀላል ብራውዘርም ከባድ ነው። አቅም ካለ ያገለገለ ራም ገዝቶ መጨመር ይሻላል።

ሹመቱን በትክክል ስጡ

እኔ የተሳሳትኩበት ደረጃ ይኼ ነው። አራት ቦታ መንካት አለባችሁ።

መጀመሪያ ሲስተሙ ላይ። ሚንት ከሆነ ፕሪፈርድ አፕሊኬሽንስ የሚለውን ክፈቱና ዌብ ከሚለው ፊት የመረጣችሁትን አስቀምጡ። ኡቡንቱ 24.04 ከሆነ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ዲፎልት አፕስ፣ ከዚያ ዌብ። ኬዲኢና ኤክስኤፍሲኢ በሚባሉት ዴስክቶፖች ላይ ዲፎልት አፕሊኬሽንስ ይባላል።

ቀጥሎ ብራውዘሩ ውስጥ ግቡ። ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ ጀነራል የሚለው ላይ ዲፎልት አድርገኝ የሚል ቁልፍ አለ። ክሮምም የራሱ አለው። ባልመረጣችሁት ብራውዘር ላይ ደግሞ «ሁልጊዜ ዲፎልት መሆኔን አረጋግጥ» የሚለውን ምልክት አንሱ። ካላነሳችሁት በተከፈተ ቁጥር ይጠይቃል፣ አንድ ቀን የቸኮለ ሰው እሺ ይለዋል፣ ሹመቱ ይገለበጣል።

ሦስተኛው የፋይሎቹ ጉዳይ ነው። ኤችቲኤምኤልና ፒዲኤፍ ፋይል ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጉና በምን እንደሚከፈቱ እዩ። ሲስተሙ ይህን ሁሉ የሚጽፈው በየተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት አካውንት ካለ ለሁለቱም ለየብቻ ማስተካከል አለባችሁ።

በመጨረሻ ከውጭ ፈትኑ። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ለራሳችሁ አንድ ሊንክ ላኩና ንኩት። ሊብሬኦፊስ ሰነድ ውስጥ ያለ ሊንክም ንኩ። ሁለቱም በመረጣችሁት ከተከፈቱ አልቋል። የድሮውን ብራውዘር ማራገፍ ከፈለጋችሁ አዲሱን ከሾማችሁ በኋላ ይሁን። እኔ ግን አላራግፈውም። ምልክቱን ከታችኛው መስመር ላይ አንስቼ ለመጠባበቂያ አስቀምጠዋለሁ።

ቡክማርኩንና ፓስወርዱን ኢምፖርት በሚለው በኩል ወደ አዲሱ አምጡ። በስናፕ የመጣ ፋየርፎክስ የሌላውን ፎልደር ማየት ካልቻለ፣ ቡክማርኩን ከድሮው በኤችቲኤምኤል ፋይል አውጥታችሁ አስገቡት። የፓስወርድ ፋይል አውጥታችሁ ከሆነ ሥራው እንዳለቀ አጥፉት። ፍላሽ ላይ ፈጽሞ አታስቀምጡት።

ብዙ ሰው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ከሆነ

ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው። ደንበኛው ኢሜይሉን ይከፍታል፣ ፋይሉን ያሳትማል፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። አካውንቱ ግን እንደተከፈተ ነው። ቀጣዩ ሰው ሲቀመጥ የሰውየው ደብዳቤ፣ የመታወቂያው ፎቶ፣ የቤተሰቡ ጉዳይ ፊቱ ላይ ይጠብቀዋል። ይህ የሰው ገመና ነው።

ለደንበኞች ለብቻው ሌላ የሊኑክስ አካውንት ክፈቱ። እዚያ ፋየርፎክስን ሁልጊዜ በፕራይቬት እንዲሠራ አድርጉት፤ ፕራይቬሲ ውስጥ ሂስትሪ የሚለው ጋ ታገኙታላችሁ። መስኮቱ ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል። ፓስወርድ ላስቀምጥልህ የሚለውንም አጥፉት። ዳውንሎድ ፎልደሩ ግን በራሱ አይጸዳም። ማታ ሱቁ ሲዘጋ በእጅ መደምሰስ አለበት። በባለቤቷ አካውንት ላይ ደግሞ ፕራይመሪ ፓስወርድ የሚባለውን አብሩ፤ የተቀመጡትን ፓስወርዶች የሚከፍተው እሱ ብቻ ይሆናል።

አፕዴቱ

ፋየርፎክስም ክሮምም በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ቅጂ ያወጣሉ። ዳታ ሲያልቅ አፕዴትን ጭራሽ መተው ያጓጓል። ሚንት ላይ ጥሩ መላ አለ። አፕዴት ማናጀሩን ክፈቱ፣ የሌላውን ሁሉ ምልክት አንሱ፣ የብራውዘሩን ብቻ ተዉ። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ከመጨረስ ይልቅ አስፈላጊው ብቻ ይወርዳል። የቀረው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ይሁን። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን የሚያዘምነው ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲመጣ ሁሉም ተጨርሶ ይመጣል።

ከወር በኋላ ተመልሳችሁ አንድ ጊዜ ዲፎልቱን እዩ። የእትዬን አካውንቶች ወደ ፋየርፎክስ አዛውሬ ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ተመልሼ የሄድኩት ከወር በኋላ ነው። እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር። ቴሌግራም ላይ ሊንክ ላኩላቸው፣ ነኩት። ፋየርፎክስ ላይ ተከፈተ፣ አካውንታቸውም ፓስወርድ ሳይጠይቅ ክፍት ነበር። «ያኛው ክሮሚየም አንዴ ዲፎልት ልሁን ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ አይሆንም አልኩት» አሉኝና አቦሉን ቀዱልኝ።